የከሰመው ጥሪ

«እቴቴ፣ አለሽ?»

ድምፁ ከግቢው ተነስቶ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ በተከፈተው መስኮት ገባ። ልጅቷ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች።

«እቴቴ።»

ዝም።

«አለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

ከወንበሯ ላለመነሳት የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን በመስኮቱ ታወጣና «አለሁ» ትለዋለች፤ እሱም «እሺ» ብሎ ወደ ብዩ ይመለሳል። ይኸው ነው፣ በቃ። ውኃ አይልም፣ ዳቦ አይልም። መኖሯን ብቻ ይጠይቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይጠይቃል። አባታቸው ለሥራ ሩቅ ከተማ ከሄደ ወዲህ የመጣበት አመል ነው። እናታቸው ከቀትር በኋላ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ታመሻለች። ስለዚህ የስድስት ዓመቱን ማሙሽን መጠበቅ የእህቱ ድርሻ ሆነ፤ «አለሁ» ማለትም ከድርሻው ጋር አብሮ መጣ።

ዘንድሮ ግን ሌላም ሥራ ነበራት። በቅርብ ያለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ በረጅሙ ዕረፍት ወቅት ለጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ኮርስ ይፈቅዳል። ርዕሰ መምህሩ እሷን መረጡ፤ እሷም የሥነ ልቦና መግቢያን መረጠች። ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ትሄዳለች፣ ከሰዓት ማሙሽን ትጠብቃለች። አብረዋት የሚማሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ነርሶች አሉ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ አለች፣ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚገባ የታክሲ ሹፌር አለ። በዕድሜ ከሁሉም ታንሳለች፣ በቁመት ግን ሹፌሩን በአንድ ጭንቅላት ያህል ትበልጠዋለች። እሱም ገና በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ አይቷት «ሚጢጢ» አላት። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

የኮርሱ ማጠቃለያ ሥራ የተሰጣቸው መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ነበር።

«ከቤታችሁ አንድ ትንሽ አመል ምረጡ» አሉ መምህርቷ። «በር ሳይዘጉ መውጣት፣ ምግብ ላይ መነጫነጭ፣ እንዲህ ያለ ነገር። መልስ ያጣ ባህሪ ቀስ በቀስ ይከስማል ብለናል። እናንተ ደግሞ ሞክራችሁ ትነግሩናላችሁ።»

«ቲቸር፣ ሚስቴን መምረጥ ይቻላል?» አለ ሹፌሩ።

«እሷ ቀድማ አንተን ካልመረጠችህ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ጣታቸውን አነሱ። «አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከመክሰሙ በፊት ይብሳል። ኩራዝ ሊጠፋ ሲል ቦግ አይልም? እንደዚያ ነው። እዚያች ላይ ከተሸነፋችሁ፣ ጩኸት መልስ እንደሚያመጣ አስተማራችሁት ማለት ነው።»

ሚጢጢ የጠረጴዛውን ጠርዝ የጨበጠችው ለዚህ ነው።

እውነትም ባሰ። ማሙሽ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ቀጥሎ የግቢውን የብረት በር በድንጋይ እየደበደበ ይጠራት ጀመር። የግቢው ልጆች «እቴቴ፣ አለሽ» የሚለውን በዜማ አወጡትና ብይ በተሸነፈ ቁጥር ይዘፍኑበታል። አንድ ቀን ደረጃውን ሁሉ በሩጫ ወጥቶ በሩን በረገደው። ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«አለሽ አይደል እንዴ» አለ።

ሚጢጢ ዓይኗን ከመጽሐፉ ላይ አልነቀለችም። አንዱን መስመር ደጋግማ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባትም። ማሙሽ ደፍ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ በሩን ራሱ መልሶ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋውና ወረደ።

ከዚያ ወዲያ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ከሰዓት ምዕራፉን ጨርሳ ቀና ስትል፣ ከመስኮቱ ሥር የሚሰማው የኳስ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ልብ አለች። ማንም አልጠራትም። ሠርቷል ማለት ነው። አልፈታ ብሎ ያደከማት የሒሳብ ጥያቄ ድንገት ሲፈታላት እንደሚሰማት ያለ ደስታ ተሰማት፤ ብቻዋን ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጽሑፏን ጀመረች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ወደ መደምደሚያው ደረሰች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ከሰዓቱ ገፍቶ ነበር። «ባህሪው ሙሉ በሙሉ ከስሟል» ብላ አራት ነጥቡን አስቀመጠች። ፀሐይ ከጠረጴዛው ላይ ስትነሳ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አየች። ግቢው ባዶ ነው። ልጆቹ ገብተዋል።

«ማሙሽ» አለች።

የሚመልስ የለም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር፣ ከቆሙት መኪኖች መሀል ፈለገችው። ወደ ዋናው በር ልትሮጥ ስትል፣ ዘበኛው ሽማግሌ የማሙሽን እጅ ይዘው ከማዕዘኑ ብቅ አሉ።

«ቆጣሪ ክፍል ነው ያገኘሁት» አሉ። «ድብብቆሽ ሲጫወቱ ገብቶ ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ በሩ ገርበብ ብሎ ባየው ጊዜ ከውጭ ቀረቀርኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን የደረጃውን መብራት ላበራ ስከፍተው፣ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብሏል። ከምሳ ጀምሮ እኮ ነው የኔ ልጅ፤ ትንፍሽ አላለም። የኔ የልጅ ልጅ ቢሆን ግቢውን ያናውጠው ነበር። ጨዋ ልጅ ነው ያላችሁ።»

የቆጣሪ ክፍሉ በር ከመስኮቷ ሥር ነው። እዚያ ሆኖ ቢያስነጥስ እንኳ ይሰማታል።

ሚጢጢ ተንበረከከች። ሱሪው ርሷል፤ ጉንጩ ላይ አቧራ አለ፣ የዕንባ መስመር ግን የለም። ትከሻዎቹን ያዘቻቸው።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

ማሙሽ አሰበ። ፊቱ፣ መልሱን የማያውቀውን ነገር አስተማሪ የጠየቀችው ልጅ ፊት ይመስል ነበር።

«ትመጫለሽ እንዴ?» አለ።

ሽሙጥ አይደለም፤ ቂምም አልነበረበትም። ስላላወቀ ነው የጠየቃት። ዘበኛው ከአጠገቧ ሆነው አሁንም ስለ ጨዋነቱ ያወራሉ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ እናቷ ዘንድ ደረሰ፤ ዘበኛው በር ላይ አግኝተው ነግረዋት ኖሯል። እናታቸው ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማሙሽን አቅፋ አገላብጣ አየችው።

«አልፈራህም?»

«ትንሽ።»

«የኔ አንበሳ። ድሮ ቢሆን ስንት ጊዜ ትጮህ ነበር።» ከዚያ ወደ ሚጢጢ ዞረች። «አየሽ፣ አደገልሽ። አንቺም ተገላገልሽ፣ እፎይ ብለሽ ትማሪያለሽ። ይህ ሁሉ ያንቺ ልፋት ነው እኮ፣ አላየሁም መሰለሽ?»

ሚጢጢ ሳህን እያጠበች ነበር። ልትነግራት እጇን አደራርቃ ዞረች። እናቷ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታው ገና አልጠፋም። ሚጢጢ ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች።

በማግስቱ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ፣ ሳትጠራ «አለሁ» አለች። ማሙሽ ሽቅብ አያትና ብዩን ወረወረ። ጥቂት ቆይታ ደገመችው። ልጆቹ ሳቁ፤ ማሙሽ አፈረ። ሲገባ ጠብቃ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ማሙሽዬ፣ እስቲ ጥራኝ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ። እንደ ድሮው።»

«እቴቴ» አለ፣ እጅህን ታጠብ እንደተባለ ልጅ፣ ለመታዘዝ ያህል።

«አለሁ።»

«እሺ። ልሂድ?»

ሄደ። ከዚያም ወዲያ አልጠራትም። ካራሜላ ገዛችለት፤ አመስግኖ በላ። የበሩን መዝጊያ ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ ሲያልፍ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡበት ጠዋት ሲደርስ መምህርቷ ቀድመው የጠሩት ሚጢጢን ነው። ሰሌዳው ፊት ቆማ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስለ ቆጣሪ ክፍሉ ልትጨምር በልቧ ይዛ ወጥታ ነበር፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ጭብጨባው ቀደማት። ሹፌሩ «ሚጢጢ፣ የኔንም ቤት መጥተሽ አስተካክዪልኝ» አለ። መምህርቷ ጽሑፉ ላይ ሙሉ ነጥብ ጻፉ፣ አስምረውም መለሱላት።

ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ የከሰመ ነገር እንዴት ይመለሳል?»

«ለምን ይመለስ? በስንት ልፋት ያጠፋሽውን።»

ነገረቻቸው። ስለ ቀለም ቆርቆሮው፣ ስለ ረጠበው ሱሪ፣ «ትመጫለሽ እንዴ?» ስላላት፣ መጥራት የጀመረው አባታቸው ከሄደ ወዲህ እንደሆነም። መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ፤ ከጠራም በኋላ አላቆሙም።

«አባታችሁ ቤት የለም ብለሽ አልጻፍሽም» አሉ በመጨረሻ።

«ትንሽ አመል ምረጡ ስላሉ…» ቃሉን አልጨረሰችውም።

«እኔም አልጠየቅኩሽም።» መነጽሩን አጠለቁት። «ብዙ ጊዜ ይመለሳል።»

«መቼ?»

«እሱን አላውቅም።»

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«መጽሐፉ የሚያወራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለተሞከረባት እርግብ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። ጽሑፉን ወስደው ነጥቡን ቢቀንሱላት ይሻላት ነበር፤ እሳቸው ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ።

የማጠቃለያ ፈተናው ሲቃረብ ሚጢጢ መጽሐፏን ይዛ ግቢው ድረስ ወረደች። መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ የተዘረጋው ገጽ ሳይገለበጥ ቆየ። ማሙሽ ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ሲያያት ወደ እሷ አልሮጠም፣ አልሸሻትም። ደረጃው ላይ አንዷ የጎረቤት ልጅ የተቀመጠች ያህል ነው ያያት።

ኳሷ ወደ መኪኖቹ ተንከባለለች፤ ማሙሽ ተከተላት፤ ጠጠሩ ላይ አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ሚጢጢ ልትነሳ ከደረጃው ከፍ አለች። ማሙሽ ተነስቶ ተቀመጠ። ጉልበቱን አየ። ደም አለ። ወደ መስኮቱ ቀና አላለም፣ ወደ ደረጃውም አልዞረም። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን እፍ አለበት።

ሚጢጢ በግማሽ እንደተነሳች ቀረች። አንዴ ቢጠራት፣ በዓይኑ እንኳ ቢፈልጋት ትበር ነበር። አሁን ብትሄድ ምን እያስተማረችው እንደሆነ አታውቅም፤ ብትቀርም አታውቅም። መጽሐፉ ላይ ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ የለም። ልጆቹ ኳሷን ይዘው ወደ ሌላው የግቢው ጥግ ሄደዋል። ማሙሽ ብቻውን እፍ ይላል።

መጽሐፉን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ፊት ለፊቱ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች።

ማሙሽ ቀና አለ። «አልጠራሁሽም እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

እግሩን ወደ እሷ አላቀረበም። አልሰበሰበውምም። ሚጢጢ ጣቷን በምራቋ አርጥባ፣ ከቁስሉ ላይ ጠጠሩን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች።