ከስዕሉ ሥር

«ወድቆ ያውቃል?» አለ መምህር ይርዳው፣ ቁጢጥ ብሎ የሞተሩን የፊት ጎማ እያየ።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ጋሼ ይስማው ዓይናቸውን በጨው አጥበው። «የእህቴ ልጅ እንደ እንቁላል ነው ሲንከባከበው የኖረው። አሁን አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ትቶት ሄደ።»

ሂዊ የአጥሩ ጥግ ቆማ ትሰማለች። ወንድሟ ድረስ አዲስ አበባ አልሄደም። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ሞተር ከአምበር ሲመለስ ጠመዝማዛው ላይ ወድቆ ሞቷል። አርባው የወጣው በቅርቡ ነው።

መምህሩ ይህን አያውቅም። የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው፤ አምበር ለማስተማር ገና መመደቡ ነው። ከደብረ ማርቆስ በየቀኑ ለመመላለስ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እስከ ጣና ለመጓዝ፣ እንዲህ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ኮረኮንች የማይበግረው፣ በግራና ቀኝ የዕቃ ሳጥን ያለው ያገለገለ ሞተር ሲፈልግ ከርሟል። መሪውን እየነካካ ለብቻው ፈገግ ይላል። ድረስም የገዛው ቀን እንዲሁ ነበር ያደረገው።

የጋራዡ ሰው ሞተሩን ጠግኖ ሲመልስ ያለውን በጆሮዋ ሰምታለች። «ጎማውን የያዘውን የፊት እግር አቃንቼዋለሁ፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ግን አሁንም ወደ ግራ ይስባል። ለሚገዛው ሰው ንገሩት፣ እግሩ ይቀየር።» ጋሼ ይስማው «እሺ» አሉ። ከዚያ የቤንዚን መያዣው ላይ የተሰረጎደውን ቦታ ትልቅ የቅዱስ ሚካኤል ስዕል ለጠፉበት። «የመልአኩን ስዕል ማን ደፍሮ ይልጣል?» ብለው ነበር።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እናቷ ሞተሩን ባየች ቁጥር እህል አይወርድላትም። «ይሄን ነገር ከደጄ አውጡልኝ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ቀደም ብለው የመጡት ሁለት ገዢዎች መውደቁን ሲሰሙ ጥለው ሄደዋል። ይኼኛውም ከሄደ ማን ይመጣል?

«ልሞክረው?» አለ መምህሩ። ቁልፉን ተቀብሎ አስነሣና ወጣ፤ ጋሼ ይስማው በሩን ከኋላው ዘጉት። ድምፁ ወደ አስፋልቱ ርቆ ጠፋ።

ሲመለስ ግን ሂዊን ብርድ ብርድ አላት። መታጠፊያው ጋ ማርሽ ሲቀንስ፣ ዳገቷን ሲወጣ፣ ያው የድረስ አመጣጥ ነው። ወንድሟ እንደሞተ እያወቀች ጆሮዋ ግን መጣ አላት።

እናቷ ከቤት ወጣች። በጥቁር ቀሚሷ ላይ ነጠላዋን እያጣፋች ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። መወርወሪያውን ስባ፣ ለድረስ ሁልጊዜ ታደርገው እንደነበረው፣ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

መምህሩ ገብቶ ሄልሜቱን አወለቀ። እናቷ የበሩን ጠርዝ እንደያዘች ቀረች።

«እንግዳ ነህ ለካ» አለች ቀስ ብላ። «ግባ ልጄ።» ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች።

መምህር ይርዳው ጥቁሩን ልብስ በዓይኑ ተከተለው። «ምን ሆነው ነው?»

«የሩቅ ዘመድ ሞቶብን ነው» አሉ ጋሼ ይስማው ቶሎ ብለው። «እንግዲህ ውሉን እንጻፍ?»

ሂዊ ከጥጉ ተነቃነቀች። ሞተሩ ዛሬ ከሄደ እናቷ እፎይ ትላለች። ነገር ግን መርጡለ ማርያም ያለች አንዲት እናትም አንድ ቀን እንዲሁ ለማይመጣ ልጇ በር ልትከፍት ትወጣ ይሆናል።

«ሂዊ፣ ወደ ቤት ግቢ» አሉ ጋሼ ይስማው።

አልገባችም። ሞተሩ አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለች፣ ስዕሉን ተሳለመች፣ በልቧ «ይቅር በለኝ» አለች። ከዚያ ከጥጉ ጀምራ በጥፍሯ ትልጠው ጀመር።

«ወንድሜ ድረስ ይባላል፣ መምህር» አለች። «በዚህ ሞተር ነው ወድቆ የሞተው፤ እዚህ ጋ ይዩት።»