ለባቡር ጣቢያ የተሰለፈ ሰፈር

ከምነግራችሁ ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት አንዲት ነገር ብትኖር ምላሴ ይቆረጥ። የዚያን ቀን ጠዋት የፀጉር ቤቱ ደንበኛ ቢጎዲኗን ጭንቅላቷ ላይ እንደጠቀለለች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሰልፋ ነበር። ከኋላዋ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ። ከእሱ ኋላ ጡረተኛው አናጢ፣ መቆም ስለማይሆንለት ወንበሩን ይዞ። አንዳቸውም የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ሰልፉን ያሰለፈችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ የጭራሮ አክስት። ጭራሮ ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ከዚችው አክስቷ ጋር ነው። ከተማው የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ ነበር። የቀረው አንድ ጣቢያ ወይ ላይ ሰፈር ወይ ታች ሰፈር ይሠራል። የከተማው ሹም ላይ ሰፈር መጥቶ «የእናንተ ነው» አለ፤ ታች ሰፈር ወርዶም «የእናንተ ነው» አለ። ሁለቱም ጋ ተጨበጨበለት። ጭቅጭቁ ሲበዛ ግን ብዙ ተሳፋሪ ያለው የቱ ሰፈር እንደሆነ አይቶ የሚመጣ አጥኚ ይላክ ተባለ።

አክስትየው ጣቢያው እዚህ ላይ ሰፈር ካልተሠራ ፀጉር ቤቷን ልትዘጋ ነው። ደንበኛ ሳስቷል። ባቡር ሰው ያመጣል፣ ሰው ደግሞ ፀጉር አለው፤ ይህን ለጭራሮ ስታስረዳት ማበጠሪያዋን እንደ ዱላ ጨብጣ ነበር። ስለዚህ በር ለበር ዞራ፣ አጥኚው በሚመጣበት ጠዋት ተሳፋሪ መስሎ እንዲሰለፍላት ጎረቤቱን ሁሉ ለመነች።

አጥኚው ታብሌቱን ይዞ ሲደርስ ሰልፉ ፋርማሲውን አልፎ ተጠማዟል። የተቆጠረው ሰው በፋርማሲው ጓሮ ዞሮ፣ ጃኬት ተለዋውጦ እንደገና ከጭራ ይሰለፋል። አናጢው ደጋግሞ ሲመጣ አጥኚው ወንበሩን አየት አድርጎ መቁጠሩን ቀጠለ።

ሁሉን አስበው አንድ ነገር ብቻ ረሱ፤ አውቶቡሱ እንደሚመጣ። መጣ፣ በሩም ተከፈተ። ሹፌሩ እዚያ ፌርማታ ላይ ከጭራሮ ሌላ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ደስ ብሎት፣ ቦታ በሽ ነው፣ ግቡ እያለ ቆመ። አጥኚውም አብሮ ሊሳፈር እግሩን አነሳ። ምን ይደረግ፣ ሰፈሩ ተሳፈረ። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ውስጥ ጥሎት የመጣውን ዳቦ እያሰበ ያልበው ጀመር።

ታች ሰፈር ሲደርሱ ፌርማታው በሰው ተጥለቅልቋል። እዚያ ማንም ማንንም አላሰለፈም። በሩ ቢከፈትም እግር ማሳረፊያ አልነበረም። በሩ ሥር አርፋጇ ቆማለች፤ የጭራሮ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ያን ሁሉ ሰው አንድ አውቶቡስ ስለማይበቃው ብዙ ቀን ጥሏት ይሄዳል፣ ስሙም የወጣላት ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለ፤ ያረፈደ አይገባም።

«ጭራሮ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሰርግ አለ እንዴ?» አለቻት።

«ሙሽራዋ ገና አላለቀችም» አለ ከውጭ አንድ ሰው፣ ቢጎዲኑን እያየ።

አጥኚው ወደ ጭራሮ ዞረ። ከተሳፋሪው መሃል የትምህርት ቤት ቦርሳ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች።

«አንቺ እንኳ በየቀኑ የምትሄጂ ትመስያለሽ። ከላይ ሰፈር ሁልጊዜ እንዲህ ሞልቶ ነው የሚመጣው?»

አክስቷ የአውቶቡሱን መያዣ ብረት ይዛ ታያታለች፤ አልጠቀሰቻትም፣ አላፈጠጠችባትም፣ ብቻ ታያታለች። «አዎ» ማለት ይበቃ ነበር።

ጭራሮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«እኔ ሁልጊዜ መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው» አለች። «ቦርሳዬን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አደርገዋለሁ። እስከዚህ ድረስ አንሺው የሚለኝ የለም።»

አጥኚው ታብሌቱን ዘጋ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦዬ አረረ ብሎ ቀድሞ ወረደ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ለአናጢው ወንበሩን በመስኮት አቀበሉት። የታች ሰፈር ሰው ገባ። አርፋጇም ለፈተናው ደረሰች።

ጣቢያው ታች ሰፈር ተሠራ። በጭራሮ ቃል ነው አልልም፤ ከዚያ በኋላ እኛ የማናውቀው ስንት ስብሰባ ተደርጓል። ሹሙም ላይ ሰፈር መጥቶ የሚቀጥለው የእናንተ ነው ብሎ ተጨብጭቦለታል።

አክስትየው ያን ጠዋት ልትወርድ ስትል የጭራሮን ኮሌታ አስተካክላ፣ «በርቺ፣ ደህና አድርገሽ ተፈተኚ» አለቻት።

እሺ፣ ይቺን ብቻ ከራሴ ጨመርኩ። ምንም ሳትላት ነው የወረደችው። ጭራሮም ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጓደኛዋ ቤት ልትዞር አሰበችና ተወችው። ቀጥ ብላ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች።