ጋሼ ያጸደቀው

ይህን አንብቦ "ፈጠራ ነው" የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም የደረሰብኝ ቀን ራሴን እንደዚያ ብዬ ለማጽናናት ሞክሬ ነበር።

ግን ሆኗል። ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብም አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሌ በፀሐይ ተሞልታለች፤ ታች ጎረቤት ምንጣፍ ያራግፋል።

ብቻዬን ነበርኩ... ወይም ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። የምንሠራው ዋሌት ነው፤ ሰዎች ክሪፕቶ ገንዘባቸውን ስልካቸው ላይ የሚይዙበት ፕሮግራም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ስህተት ያገኘ መንገደኛም አስተካክሎ ይልካል። የተላከውን መርምረን የምናስገባው፣ በሩን የምንጠብቀው ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ እኔና ጋሼ።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደለም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው እንደዚያ የምለው። እሱ ደግሞ "ችኩሉ" ይለኛል። ሰባት ዓመት ስንሠራ በአካል የተገናኘነው ሁለቴ ነው፤ ያም ሆኖ ከእሱ የበለጠ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረኝም።

አንድ ሕግ ነበረን። ማንም የራሱን ሥራ ራሱ አያጸድቅም። እኔ ከጻፍኩ እሱ ያየዋል፣ እሱ ከጻፈ እኔ። ለተጠቃሚዎቻችንም ቃል የገባነው ይህንኑ ነው። ጋሼ ታዲያ ከማጽደቁ በፊት ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጽፋል፦

"በእጅህ ሞክረኸዋል?"

"አዎ" ካላልኩት ንቅንቅ አይልም።

ከስምንት ወር በፊት ታላቅ እህቱ ደወለችልኝና ማረፉን ነገረችኝ። አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ነገር ለመነችኝ።

"ወንድሜ፣ ስሙን ከዚያ ሥራ ላይ አውጣለት። ይረፍ።"

እሺ አልኳት።

አላወጣሁትም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ስሙ ከወጣ በሩ ላይ ብቻዬን ልቀር ነው። ሌላ ሰው ፈለግሁ፤ ሁሉም ጊዜ የለኝም አለ። ጋሼ ደግሞ ለክፉ ቀን ብሎ የአካውንቱን ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ሰጥቶኝ ነበር። ፖስታውን ከፈትኩት።

ከዚያ በኋላ በራሴ ስም ሥራዬን እልካለሁ። በእሱ ስም እገባና "በእጅህ ሞክረኸዋል?" እላለሁ። ተመልሼ በራሴ ስም "አዎ፣ ጋሼ" እላለሁ። እንደገና በእሱ ስም ገብቼ አጸድቃለሁ።

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። እየቆየ ግን በቀን ውስጥ ከሰው ጋር ያወራሁ የሚመስለኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ሆነ። እህቱ ደውላ ስትጠይቀኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ወጥቷል፣ እትዬ" አልኳት።

ያን ረቡዕ አንድ ትንሽ ለውጥ ላክሁ። አዲስ ዋሌት ሲከፈት ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት ቃላት ይወጣሉ፤ ባለቤቱ ወረቀት ላይ ይገለብጣቸዋል። ስልኩ ቢጠፋበት ገንዘቡን የሚመልሱለት እነዚያ ቃላት ብቻ ናቸው። እኔ የነካሁት የፊደላቱን መጠን ነው።

ላክሁና ውሃ ልቀዳ ተነሳሁ።

ስመለስ ጥያቄው ተጽፏል።

"በእጅህ ሞክረኸዋል?"

ጽፌው ረስቼ ይሆናል አልኩ። "አዎ፣ ጋሼ" ብዬ መለስኩ።

በጋሼ ስም ሌላ ጥያቄ መጣ።

"በአሮጌውም ስልክ?"

ክው አልኩ። ይህን ጥያቄ እኔ ጽፌው አላውቅም። አሮጌው ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ የገዛሁት ጋሼ ካረፈ በኋላ ነው። ስለሱ ለማንም አልተናገርኩም።

አውጥቼ ሞከርኩት።

አሥራ ሁለተኛው ቃል ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። አይታይም። በዚያ ዓይነት ስልክ ዋሌት የከፈተ ሰው አሥራ አንድ ቃል ጽፎ፣ ጨረስኩ ብሎ ይቀመጥ ነበር።

አስተካክዬ መልሼ ላክሁት። ወዲያው ጸደቀ፣ እኔ ሳልነካው።

የሚያሳፍር ነገር ልናገር? ከፍርሃቴ ደስታዬ በለጠ። "ጋሼ?" ብዬ ጻፍኩ። እስኪመሽ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልደፋ ወረድኩ። ስመለስ አዲስ ሥራ ተልኳል። ጋሼ ጠይቋል፣ "አዎ፣ ጋሼ" የሚል መልስ ተሰጥቶታል፣ ጸድቋል።

የላከው የእኔ ስም ነው። የመለሰውም የእኔ ስም ነው።

ለእህቱ ደወልኩ። ስሙን አለማውጣቴን፣ መዋሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ማን አለ አጠገብህ?"

"ማንም።"

"ኪቦርድ የሚመታ ሰው ይሰማኛል።"

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ክፍሉ ጭጭ ብሏል።

"ጋሼ ነው?" አልኳት።

"አይደለም..." አለች በሹክሹክታ። "እሱ ኪቦርድ ሲመታ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ይቸኩላል።"

ስልኩ ተዘጋ።

ጊዜ አላጠፋሁም። የጋሼን ስም ከበር ጠባቂዎች ዝርዝር የሚሰርዝ ለውጥ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት። ግን ሕጋችን ስም ለማውጣትም ይሠራል፤ ሁለተኛው ሰው ማጽደቅ አለበት። በፖስታው ፓስወርድ በጋሼ ስም ልገባ ሞከርኩ፤ ተቀይሯል።

ጠበቅሁ።

"በእጅህ ሞክረኸዋል?" አለ ጋሼ።

ጣቶቼ ቁልፎቹን ሳይነኩ ስሜ መለሰ።

"አልሞከረም።"

ለውጡ ውድቅ ሆነ። ቀጥሎ የራሴ አካውንት አስወጣኝ። ፓስወርዴን ብጽፍ ብጽፍ ስህተት ነው ይለኛል። ላፕቶፑን ዘጋሁና ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ሥራው ግን አልቆመም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ እንደማንኛውም መንገደኛ በስልኬ ገብቼ አያለሁ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሜ ይልካል፣ ጋሼ ይጠይቃል። ሥራው ከእኔ ሥራ ይሻላል። አንዳንዴም ይቀላለዳሉ። የእኔና የጋሼ የድሮ ቀልዶች ናቸው... እኔ የማላውቃቸውም አሉባቸው። እህቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ትናንት አላስቻለኝም። በስልኬ አዲስ አካውንት ከፈትኩ፣ አንዲት ትንሽ ስህተት አስተካክዬ ላክሁ። ከሥሯ ጻፍኩ፦

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ችኩሉ።"

ጥያቄውን ጠበቅሁ። ልሙት፣ ያቺን ጥያቄ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ጋሼ ሌላ ጻፈ።

"ችኩሉ፣ ይሄን ሰው ታውቀዋለህ?"

የጠየቀው እኔን አልነበረም። ከስሜ አጠገብ ሰው እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ብዙ ቆዩ...

"አላውቀውም፣ ጋሼ።"

ስልኬን አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሄጄ ክዳኑን አነሳሁ።

ቁልፎቹ ሞቀው ነበር።