በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጀሶ

ስንጥቁ ከጣሪያው ጥግ ተነስቶ እስከ አባቷ አልጋ ራስጌ ቢደርስም ልብስ ሰፊዋ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። አሮጌ ቤት ይሰነጠቃል፣ ሽማግሌ ይሸበሸባል፤ ምን ይደንቃል?

ጥንታዊውን ሰፈር የሚያድሰው የመንግሥት ድርጅት ግን መሐንዲስ ላከ። አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ወጣት ነው። ስንጥቁን አሻግሮ ጣት የምታህል ቀጭን ጀሶ ለጠፈና፣ «ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይቺ ትሰበራለች። ያኔ ቶሎ ጥሪኝ» አላት።

«ካልተሰበረችስ?»

«ካልተሰበረችማ ምን ሊያመጣኝ?»

መልሱ አንጀቷን አሳረረው። በሳምንቱ የመቀሷን ጫፍ ጀሶው ላይ አሳረፈችና አስጠራችው።

ስብራቱን ዳሰሰ። ቀና ብሎ አያት። እሷ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የምትታገል መሰለች። አዲስ ለጠፈ። ያም ተሰበረ። ደግሞ ሌላ።

እግራቸው አልሄድ ያላቸው አባቷ ከአልጋቸው ሆነው ይታዘባሉ። «ኢንጂነር፣ የምታየው ግድግዳውን ነው ወይስ ተደግፋው የቆመችውን?»

«ሁለቱንም ነው አባባ። አንዷ ግን ታስቸግራለች።»

«ለእኔ ትነግረኛለህ? አሳድጌያት የለ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እሷ ከግድግዳው ውስጥ አሸዋ ሲንሸራተት ሰማች። አይጥ ነው ብላ ተወችው።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ጨርቅ እየቀደደች ሳለ ከጀርባዋ «ቀጭ» አለ። ዞር ስትል ጀሶው ለሁለት ተከፍሏል። መቀሱ በእጇ ነው። አልነካችውም።

ሮጣ ድርጅቱ ደጃፍ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር አገኘችው። «ተሰበረ!»

ፈገግ አለ። «ዛሬስ በመቀስ ነው በመርፌ?»

ለካ ያውቅ ኖሯል! ባልደረቦቹ ሳቁ። ፊቷ ጋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ምላሷ ልክ ልኩን በነገረችው። ኩራቷን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው።

«የፊተኞቹን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ፤ እንድትመጣልኝ ብዬ። የዛሬውን ግን አልነካሁትም። አባዬ ከሥሩ ተኝቷል።»

ፈገግታው ጠፋ። ዓይኗን አየ። ሌላ ምንም አልጠየቃትም፤ ሮጠ።

አባቷን አዝሎ ሲወጣ፣ «ጫማዬ! ኧረ ጫማዬን!» ይላሉ። ደጁን እንዳለፉ ቤቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ አልጋው የነበረበት ቦታ ድንጋይና አቧራ ብቻ ሆነ።

«ግድግዳውን መመርመር ሲገባኝ አንቺን ሳይ ከረምኩ» አላት።

«እኔም አሸዋውን ሰምቼ ዝም አልኩ» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ቆየ።

ድርጅቱ በሰጣቸው ጊዜያዊ ቤት ግድግዳው አዲስ ነው፣ ለስላሳ ነው። እሷ ግን ስፌቷን እያቋረጠች ጆሮዋን ትለጥፍበታለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። መሐንዲሱ ነው፤ ባዶ እጁን።

«እዚህ ምንም አልተሰበረም» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ጫማዬን አግኝተሃል ወይ በይው!» አሉ አባቷ ከውስጥ።

እጁን ይዛ አስገባችው። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ሁለቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ ግድግዳውን አዳመጡ።

ዝም ብሏል።