የሳዳኖቡ የመጨረሻ ዝዮች

አዛውንቱ ሠዓሊ ኡኪታ ሳዳኖቡ የሞቱት ወረቀት ላይ ለማተም በራሪ ዝዮችን በቀረጹበት እንጨት ላይ እንደተደፉ ነው። የካናዛዋ ከተማ በረዶ የሥራ ቤታቸውን ጣሪያ ተጭኖታል፤ አጠገባቸው ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ሆኗል። ኢንስፔክተር ኦጊኖ የሟቹን የቀላ ፊት እንዳየ፣

«ከሰል አፍኗቸዋል» አለ።

ሚስታቸው ሹኮ ራሷን ነቀነቀች። «ከሰል ሲያነዱ መስኮቱን ገርበብ ሳያደርጉ ተቀምጠው አያውቁም። ንጋት ላይ ስገባ ግን ጥርቅም ብሎ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ኦጊኖ ትናንት ወደ ሥራ ቤቱ የመጡትን ሁለት ሰዎች አስጠራ። የሥዕል ነጋዴው አሪማትሱ ከበር ጀምሮ ይቆጣል።

«እኔን ምን አድርግ ነው የምትሉኝ? አመሻሽ ላይ ብቅ ብዬ ሄድኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ብርዱ አንገቴን ሊቆርጠኝ!»

«ሥዕሉን አየኸው?»

«ዝዮቹ ታትመዋል። ቀይዋ ፀሐይ ግን ገና አልታተመችም ነበር።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳዳኖቡን ቅርጾች ወረቀት ላይ ሲያትም የኖረው ቶኩጂ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«እኔ ከአሪማትሱ በፊት ነው የወጣሁት ጌታዬ። ፀሐይዋን ለዛሬ አሳደርናት።»

ሹኮ ሻይ አቀረበች። ቶኩጂ ሲኒውን በግራ እጁ ተቀበለ። ኦጊኖ እጁን አየውና ወደ ሥራ ቤቱ ተመለሰ። የታተሙትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየገለበጠ ጀርባቸውን መረመረ፤ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነውንም ባዶ ወረቀት ዳሰሰ። ከዚያ ሹኮንና ሁለቱን ሰዎች ሰበሰባቸው።

«ፀሐይዋ ታትማለች» አለ። «ስለዚህ አሪማትሱ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሠራ ሰው አለ። አታሚ ወረቀቱን ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ አድርጎ ከጀርባ ሲያሸው የእጁ ፈለግ ይቀራል። ይህ የግራ እጅ ፈለግ ነው። ሟቹ በቀኛቸው ነበር የሚሠሩት።»

«አንተ!» አለ አሪማትሱ ወደ ቶኩጂ ዞሮ።

«ደግሞ» ሲል ቀጠለ ኦጊኖ፤ «የተረፈው ወረቀት ለዛሬ ኅትመት እንዲሆን እንደረጠበ ማደር አለበት። ነፋስ እንዳያደርቀው የሚጨነቅ አታሚው ብቻ ነው። ስትወጣ መስኮቱን ዘጋህ፣ ቶኩጂ።»

ቶኩጂ ወደ ሹኮ ዞረ። «እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር እትዬ። ወረቀቱን ብቻ ነው ያሰብኩት፤ እውነቴን ነው። ድልድዩ ላይ ስደርስ ከሰሉ ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ግን ቀን ላይ ‹ቶኩጂ፣ ይሄ የመጨረሻችን ነው› ብለውኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ሲጥሉኝ ጊዜ... አልተመለስኩም።»



«ዓይናቸው እየጠፋ ነበር እኮ» አለች ሹኮ። «ላንተ መንገሩ አሳፍሯቸው ነው። ትናንት ጠዋት ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ቶኩጂም ብቻውን ነው፤ የኋላውን ክፍል አሰናጂለት፣ አብረን እናርጅ።›»

ቶኩጂ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። ኦጊኖ ክንዱን ይዞ አነሳው። ሹኮ ፊቷን አዞረች።