የላንሲኔ ኮላ

«ሮጥሽ» አለ አጎቷ ንፋሞሪ፣ የከበሮ መምቻውን አየር ላይ አቁሞ። «ደግሞ ሮጥሽ። ማን እያባረረሽ ነው?»

ልጅቷ፣ ሳራን፣ እጇን ከኬንኬኒው ላይ አነሳች። ኬንኬኒ ከሦስቱ ከበሮዎች ትንሹ ነው። በአንድ እጅ ቆዳው፣ በሌላው እጅ ከላዩ የታሰረው ደወል ይመታል። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሥራው ግን ያንኑ አንድ ምት ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ ይዞ መቆየት ነው። እሱ ከተንሸራተተ ሁሉም ይንሸራተታል።

ትልቁን ከበሮ የያዙት አባባ ዳውዳ ጆሯቸው ስለደከመ ጨዋታው መቆሙን አልሰሙም። ብቻቸውን ትንሽ ከመቱ በኋላ ቀና ብለው «አለቀ እንዴ?» አሉ።

ድሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ከበሮ ለመንካት ወጣቱ ተራ ይጠብቅ ነበር። አሁን ወጣት የተባለ ሁሉ ሲጊሪ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ከበሮ ይዛ መቀመጧ በመንደሩ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ንፋሞሪም ሳራንን ያስቀመጣት ቸግሮት ነው፤ «ወንድ እስኪገኝ» ብሎ። ተማሪ ቤት የምትውለው እሷ ስለሆነች ወንዱን ፈልጊ የተባለችውም እሷው ናት። ዝናቡ ሲያልፍ የወንድ ልጆች የግርዛት በዓል አለ። ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ተናግረዋል፤ ለልምምድ ሴትም ትሁን፣ በዓሉ ላይ ግን ሦስት ወንድ ካልተቀመጠ ከኩሩሳ ከተማ ሞንታርቦ ይመጣል።

ሳራን መጀመሪያ ላይ ከልቧ ፈልጋ ነበር። አንዱ ልጅ ስንት ይከፈላል አላት። ሌላው ስልኩን አውጥቶ የከበሮ ዘፈን ከከፈተ በኋላ፣ «ይኸው ሦስቱም አሉ፤ ሩዝ አይበሉ፣ አያኮርፉ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። አብራት የምትቀመጠው ናንኮሪያ ግን አልሳቀችም።

«አንቺ እያለሽ ለምንድነው ወንድ የምትፈልጊው?» አለቻት።

ይህች ጥያቄ በሳራን ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሰው ከጠፋ ሽማግሌዎቹ ምን ምርጫ አላቸው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጠይቅ ማንም እሺ እንዳይላት አድርጋ ነበር የምትጠይቀው።

ይሄኔ ነው ላንሲኔ ከሲጊሪ የተመለሰው። ጉድጓድ ተደርምሶበት ግራ እግሩ አይታጠፍም። እናቱ ቤት ጀርባ እግሩን እንጨት ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ሳራን በዚያ ስታልፍ ጠራት። ወርቅ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ኬንኬኒው የእሱ ነበር። ሲሄድ ግን ንፋሞሪን አልተሰናበተም፤ ንፋሞሪም ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም።

«ኬንኬኒው አለ?» አላት።

«አለ።»

«ማን ይዞታል?»

«እኔ።»

ላንሲኔ ሳቅ አለ፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም። «እስቲ አሰሚኝ» አላት። አጠገቡ የነበረውን ባልዲ በጣቷ መታችለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ትሮጫለሽ» አለ። «እኔም እሮጥ ነበር።»

ከዚያ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ሽማግሌዎች የሚያኝኩት መራራ የኮላ ፍሬ ሰጣት። መምህሩን ሳይሰናበት የሄደ ልጅ በገዛ እግሩ ዘው ብሎ አይመለስም። ኮላውን ሌላ ሰው ይወስድለታል፤ ሽማግሌው ቆርሶ ከቀመሰ ታረቀ ማለት ነው። «አንቺ ስጪልኝ» አላት። «እምቢ ካለም እምቢ ይበል። ብቻ አድርሺልኝ።»

ሳራን ኮላውን ወስዳ ልብሷ ከሚቀመጥበት ሣጥን ሥር ደበቀችው።

መንደር መቼም ወሬ አይደበቅበትም። አንድ ቀን ልምምድ መሀል ንፋሞሪ የከበሮውን ገመድ እያጠበቀ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ያ ልጅ መጣ አሉ» አለ። አባባ ዳውዳ አልሰሙም። ንፋሞሪ ወደ ሳራን ዞረ። «መንገድሽ ላይ ነው። ምንም አልላከም?»

«ምንም» አለች ሳራን።

ንፋሞሪ ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ። ያን ቀን ደጋግሞ የሳተው እሱ ነበር፤ ሳራን ግን አንዴም አልሮጠችም።

ላንሲኔንም ሸሸችው። አንዴ አጎቴ ቤት የለም አለችው፣ አንዴ አሞታል። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቃትም። «ገባኝ። በቃ፣ አታስቢ» አላት። ወደ ሲጊሪ ሊመለስ ነው፤ መቆፈር ባይችልም ተቀምጦ አፈር ያጥባል። ክፉ ቢናገራት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ባልዲውን ገልብጦ፣ «ደወሉን ትንሽ ቀስ ስትይ ሩጫው ይተውሻል» ብሎ አሳያት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሞንታርቦው ባለቤት ሞተር ብስክሌቱን አደባባዩ ላይ አቁሞ ጄኔሬተሩ የት እንደሚቀመጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲነጋገር አገኘችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳራን አጠገባቸው መቆሟን እያየ ስለሷ አንድም ቃል አላነሳም። ሌላ ምርጫ ሲያጡ ወደሷ ይመጣሉ ብላ ነበር፤ እነሱ ግን ምርጫቸውን ይዘዋል። እሷን ከነጭራሹ አስበዋትም አያውቁም። በቀጥታ ወደ ሣጥኗ ሄዳ ኮላውን አውጥታ ለአጎቷ ወሰደችለት።

ንፋሞሪ ቅጠሉን ፈታ። ኮላው ተጨማዶ ጠቁሯል።

«የማን ነው?»

«የላንሲኔ።»

«መቼ ነው የሰጠሽ?»

«ቆየ» አለች።

«ምን ያህል ቆየ?»

ሳራን ፍሬዎቹን አየች። «እንዲህ እስኪደርቅ።»

እንዲቆጣት ፈልጋ ነበር፤ አልተቆጣም። አንዱን ፍሬ በጥርሱ እንደምንም ቆረሰ፣ ለአባባ ዳውዳ ሰጥቶ የቀረውን አፉ ውስጥ ከተተ። ለእሷ አልሰጣትም። ብዙ ካላመጠ በኋላ፣ «ነገ ይምጣ በይው» አለ።

«እኔስ አጎቴ?»

ንፋሞሪ ወደ ኬንኬኒው አየ፣ ከዚያ ወደ እጆቿ።

«እናትሽ እኮ ውሃ መቅዳት የሚያግዛት የላትም» አለ።

«ላንሲኔ መጣ?» አሉ አባባ ዳውዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሰምተው። ደስ ብሏቸው ትልቁን ከበሮ አንዴ መቱት።

ንፋሞሪና አባባ ዳውዳ ለጸሎት ሲነሡ ሳራን ብቻዋን ቀረች። መምቻውን በጨርቁ ጠቅልላ ከበሮው ላይ አስቀመጠች። ልትወጣ ስትል ዓይኗ ስትቀመጥበት የከረመችው አጭር በርጩማ ላይ አረፈ። የማይታጠፍ እግር ይዞ እዚህ ላይ ማን ይቀመጣል? ቢቀመጥስ እንዴት ይነሳል?

ወደ እናቷ ማድ ቤት ሄዳ ረጅሙን በርጩማ አመጣች። አሁን ደግሞ ከበሮው ዝቅ አለ። ከግድግዳው ሥር ጡብ ፈልጋ በሁለቱም በኩል ከሥሩ አስገብታ ከፍ አደረገችው። ልካቸውን ለማየት በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ለእሷ ረዝሟል፣ መሬቱን የነካው የእግሯ ጫፍ ብቻ ነበር። ለላንሲኔ ግን ይሆናል።

አጭሩን በርጩማ በብብቷ ይዛ ላንሲኔን «ነገ ና» ልትለው ወጣች።