የሙዳሲር እርሾ

ሙዳሲር አናቱን ተመትቶ በሱቁ ወለል ላይ ተደፍቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጠቃሚ የኢንተርኔት ገጾችን ለሰፈሩ የሚያስቀምጥበት ሰርቨር ተከፍቶ፣ ዲስኩ ተወስዷል። ሬሳውን ቀድሞ ያገኘው ረዳቱ አየነው እጁ ደም ስለነካ ወዲያው ታሰረ። ወደ ኡም ጋርጉር፣ ሱዳን ውስጥ ወዳለው የስደተኞች ሰፈር፣ የሚያስገባው መንገድ በኸሪፉ፣ በክረምቱ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ ፀሐይ ወጥታ ሲደርቅ ወታደሮች መጥተው አየነውን ይወስዱታል። ከወሰዱት ደግሞ ጠያቂ የለውም። ጎንደር ሳለች መርማሪ የነበረችው እናኑ ይህን ታውቃለች። ገዳይም ንጹሕም፣ እሷም ጭምር፣ መውጫ በሌለው ሰፈር ታጉረዋል።

«ዲስኩን ተይው፣ እትዬ እናኑ» አለች የሟች ሚስት ባሕሪያ። «ባሌን ማን እንደገደለው ንገሪኝ።»

እናኑ ስለ ዲስኩ ስትጠይቀው አየነው እንደታሰረ መለሰላት። «ምን ሊያደርግልኝ እወስደዋለሁ? ዓርብ ዓርብ ቅጂውን በየቤቱ የማዞረው እኔ ነኝ። ትናንት እንዲያውም ‹አንድ የድሮ ገጽ አግኝቼ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጥቻለሁ፤ ባለቤቱን ዛሬ እጠይቀዋለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት የሚሸጠው ኸይሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ያሳዝናል። ያ ሁሉ ድካም ከዲስኩ ጋር ጠፋ፤ ኸላስ።»

እናኑ ወደ ሱቁ ተመለሰች። ውዱ ባትሪና ቻርጅ ሊደረጉ የተቀመጡት ስልኮች አልተነኩም። ገጹን ለማየት ቸኩላ ነበር፤ ሰማዩ ግን ስለደመነ በየቤቱ ያሉትን ቅጂዎች የሚያሠራው ሶላር ሥራ አቁሟል። ገጹን የምትከፍተውም መንገዱን የምታደርቀውም ያቺው ፀሐይ መሆኗ አናደዳት።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተገለጠ። እናኑ ሦስቱንም ባሕሪያ ቤት ሰበሰበች።

«ሌባ ቢሆን ባትሪውን አይተውም ነበር። ይህ ሰው የፈለገው አንድ ገጽ እንዲጠፋ ነው። ሙዳሲር ግን እርሾ እንደሚያካፍል ሰው ነበር፤ የኔ ቢጠፋ ከጎረቤት አገኘዋለሁ እያለ በአሥራ ሁለት ቤት ትንንሽ ሰርቨር አስቀምጧል። አንዱ ባሕሪያ አልጋ ሥር ነው። አዟሪው አየነው ነው። ከሁለቱ ማንም ዲስክ ለመንቀል አይደክምም። ሁሉም ጠፋ ብለህ ያመንከው አንተ ብቻ ነህ፣ ኸይሩ። ገበያዬን ዘጋብኝ ብለህ የሱን ነገር አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ አታውቅም።»

ኸይሩ ሳቀ። «አለማወቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ባሕሪያ፣ ትናንት የገባውን ክፈቺው።»

ባሕሪያ ስልኳን ነካች። ኸይሩ ድሮ ለጥፎ ያጠፋው ማስታወቂያ ወጣ፤ «ሊቢያ በአሥር ቀን» ይላል። ፎቶው ላይ ኸይሩ ፒካፕ መኪና ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ የሚስቀው የባሕሪያ ታናሽ ወንድም ሙሐመድኑር ነው፤ ከሄደ ወዲህ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው።

«አላየሁትም ብለህ ምለህልኝ ነበር» አለች።

ኸይሩ ወደ በሩ አየ። ጭቃው ገና አልደረቀም። እናኑ የአየነውን ገመድ መፍታት ጀመረች።

«ገጹን አጥፊው» አላት ኸይሩ።

ባሕሪያ ዓይኗን ከወንድሟ ፊት አላነሳችም።

«ከየትኛው ቤት?» አለችው።